ተመራማሪ የሚያድግበት ቤት፦ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ታሪክ ከጊሰን እስከ ስድስት ኪሎ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። የትምህርት ፕሮግራም አለው፤ የፈተና ቀን አለው፤ ከጎኑ ተቀምጦ አብሮት የሚጨነቅ የክፍል ጓደኛ አለው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን የኮርስ ሥራውን በጨረሰ ማግስት ይህ ሁሉ ይቀርበታል። በእጁ የሚቀሩት ማንም ገና ያልመለሰው አንድ ጥያቄ፣ አንድ አማካሪና ከፊቱ የተዘረጉ ዓመታት ናቸው። ሥራው ቢሰምርለት የሚያየው የለም፤ ቢቆምበትም ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚደርስለት የለም።

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ብቸኝነት ለማቃለል ሁለት መቶ ዓመት ያህል ደክመዋል። የድካማቸው ውጤት ዛሬ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የምንለው ተቋም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በቢሮነቱ ነው፦ ማመልከቻ የሚገባበት፣ ፎርም የሚሞላበት፣ የተጠረዘ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚረከብ ክፍል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር እናገኛለን። ተቋሙ የተወለደው አንድ አማካሪ ብቻውን ተመራማሪ ማሳደግ እንደማይችል በየአገሩ በችግር ከታየ በኋላ ነው። እኛም በአገራችን የዶክትሬት ፕሮግራሞች በበዙበት በዚህ ጊዜ ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በዘብ ቤት ውስጥ የተከፈተ ላብራቶሪ

የዶክተርነት ማዕረግ በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛና በፓሪስ የተጀመረ ነው። ያን ጊዜ ማዕረጉ የማስተማር ፈቃድ ነበር፤ ባለማዕረጉ የቀደሙትን ሊቃውንት መጻሕፍት ጠንቅቆ ማወቁንና ተከራክሮ ማስረዳት መቻሉን ይመሰክርለታል። አዲስ ዕውቀት አምጣ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ይህን የለወጡት ጀርመኖች ናቸው። በ1810 ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ባቀደው መሠረት የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት፣ መምህር የሚያስተምረው ራሱ የሚመረምረውን ነው፣ ተማሪም የምርምሩ ተካፋይ ነው የሚል አስተሳሰብ ሥር ያዘ። ፒኤችዲ ዛሬ የያዘውን ትርጉም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

አስተሳሰቡን በተግባር ያሳዩት ላብራቶሪውና ሴሚናሩ ናቸው። ዩስቱስ ሊቢግ በ1824 ገና በ21 ዓመቱ በትንሿ የጊሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። የተሰጠው ቦታ ቀድሞ የወታደር ካምፕ ዘብ ቤት የነበረ ሕንፃ ነው። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ሊቢግ በየማለዳው እያንዳንዱ ተማሪ ትናንት ምን እንደሠራና ዛሬ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ይሰማ ነበር። ያሰበውን ይደግፋል ወይም ይቃወማል፤ መንገዱን ግን ተማሪው ራሱ እንዲፈልግ ይተውለታል። ተማሪዎቹም አንዱ የሌላውን ሥራ እያዩ እርስ በርስ ይማማራሉ። ወሬው ተሰምቶ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሳይቀር ወጣቶች ወደ ጊሰን ይጎርፉ ጀመር። በኬሚስትሪ ታሪክ ትልቅ ስም ያላቸው ሆፍማንና ኬኩሌ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው።

በታሪክ ትምህርትም ሊዮፖልድ ፎን ራንከ ወጣት ተማሪዎቹን በርሊን በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ይሰበስብ ነበር። በጉባኤያቸው የጥንት ሰነዶችን ዘርግተው ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ምን ያህል ይታመናል እያሉ ይመረምራሉ። ሴሚናር የሚባለው የትምህርት ዘዴ ከዚያ ቤትና ከመሰሎቹ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ጊሰንና በርሊን ያስተማሩት ዋና ነገር ቅርበትን ነው። ተማሪው በየዕለቱ የሚጠይቀው መምህርና በየዕለቱ የሚያየው ጓደኛ ነበረው። ድክመቱ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። መምህሩ ትጉና ቅን ከሆነ ተማሪው ያድጋል፤ መምህሩ ቢታመም፣ ቢሰለች ወይም ተማሪውን ባይወደው ግን ተማሪው አቤት የሚልበት በር አልነበረውም።

ባልቲሞር፦ ተቋሙ ኃላፊነት ሲወስድ

አሜሪካውያን ከጀርመን የተማሩትን ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ። የል በ1861 በአገሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፒኤችዲዎች ሰጠ። የተቋሙን መልክ ያስያዘው ግን በ1876 በባልቲሞር የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኮይት ጊልማን ዋና ትኩረቱን ተመራማሪዎችን ማፍራት ላይ አደረገ።

ጊልማን ለአንድ ተመራማሪ ተማሪ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቆ ለእያንዳንዱ ፍላጎት መልስ ለመስጠት ሞከረ። መጀመሪያ የሚኖርበት ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ሲጀምር 20 ለሚሆኑ ወጣቶች እያንዳንዳቸው በዓመት 500 ዶላር የሚያገኙበት ፌሎሺፕ ሰጠ። ቀጥሎ የሚወያይበት ጉባኤ ያስፈልገዋል፤ ሴሚናሩ የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ሆነ። በመጨረሻም ያገኘውን የሚያሳትምበት መድረክ ያስፈልገዋል፤ ዩኒቨርሲቲው በ1878 ማተሚያ ቤት አቋቋመ፤ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ የሚታተመው የአሜሪካ የሂሳብ ጆርናልም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ተማሪውን የመደገፍ ኃላፊነት ከአንድ መምህር ትከሻ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተላለፈው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ፤ በ1900 ዶክትሬት የሚሰጡ 14 ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ።

ይሁንና በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ክርስቲን ላድ የምትባል የሂሳብና የሎጂክ ተመራማሪ በ1882 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የሚያስፈልገውን ሁሉ ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲው ግን ለሴት ዲግሪ አንሰጥም አለ። ዲግሪው የተሰጣት ከ44 ዓመት በኋላ በ1926 ነው። ጥቁር አሜሪካውያንም ተመሳሳይ ግንብ ነበረባቸው፤ ምሁሩ ዱቦይስ ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው የሆነው በ1895 ነው። ስለ ተማሪዎች ድጋፍ የሚነገር ታሪክ ድጋፉ ለማን ተሰጠ፣ ማን ተነፈገ የሚለውንም ጥያቄ መያዝ አለበት።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ከዚያው ከአሜሪካ መጣ። ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህርን ችሎታ ትተው ማዕረጉን ብቻ ማየት መጀመራቸውን ነቀፈ። ማዕረግ የዕውቀት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የሥራ መግቢያ ወረቀት ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ይጎዳል ብሎ ነበር። ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በኋላም ይህ ስጋት አላረጀም።

ብሪታንያ፦ በችግር የተማረች አገር

ብሪታንያ ዘግይታ ነው የገባችው። ኦክስፎርድ የዶክትሬት ዲግሪውን ያቋቋመው በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ቀድሞ ወደ ጀርመን ይሄዱ የነበሩ የአሜሪካና የቅኝ ግዛት አገሮች ተማሪዎችን ለመሳብ ይህ ዲግሪ ያስፈልግ ነበር። ሥርዓቱ ግን የአሜሪካን ዓይነት አልነበረም። ኮርስ የለም፤ የጋራ ሥልጠና የለም፤ አንድ ተማሪ ከአንድ አማካሪ ጋር ይገናኛል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጽሑፉን ይዞ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።

ተማሪዎቹ ጥቂት እያሉ የዚህ አካሄድ ችግር አልታየም። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን ተገለጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በማኅበራዊ ሳይንስ የመንግሥት ገንዘብ ከሚያገኙት የዶክትሬት ተማሪዎች መካከል አብዛኞቹ በአራት ዓመት ውስጥ ጽሑፋቸውን አያስገቡም ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠው የምርምር ምክር ቤት በዚህ ተቆጥቶ ጠንካራ እርምጃ ወሰደ፦ ተማሪዎቹን በወቅቱ የማያስጨርስ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪ የማስገቢያ ገንዘብ ይከለከላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደነገጡ፤ መዘግየት የተማሪው ስንፍና ብቻ ሳይሆን የተቋሙም ጉድለት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ ተነገራቸው። ቀጥሎም የምርምር ዘዴ ኮርሶች፣ የሂደት መከታተያ ፓነሎችና የሁለተኛ አማካሪ ሥርዓት እየተለመዱ መጡ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ2002 ነው። ሰር ጋሬት ሮበርትስ ለብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስቴር ባቀረቡት ሪፖርት፣ የዶክትሬት ተማሪዎች ከርእሳቸው ውጭ የሚያገኙት ሥልጠና እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሥልጠና የተመደበ ጊዜ እንዲኖረው መከሩ፦ በጽሑፍ፣ በንግግር፣ በቡድን ሥራ፣ በፕሮጀክት አመራር። መንግሥት ምክሩን ተቀብሎ በዓመት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለዩኒቨርሲቲዎች ማከፋፈል ጀመረ። ዛሬ በብዙ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የምናያቸው የተመራማሪ ተማሪዎች ማሠልጠኛ ክፍሎች በዚያ ገንዘብ የቆሙ ናቸው።

ሌሎችም በየፊናቸው ተንቀሳቀሱ። የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን በ1990 በርካታ መምህራን በአንድ ጭብጥ ዙሪያ በርካታ ተማሪዎችን በጋራ የሚያሳድጉበትን የድኅረ ምረቃ ቡድን ሥርዓት ጀመረ። የሴሚናር አገር የሆነችው ጀርመን ራሷ አንድ መምህር አይበቃም ማለቷ ነበር። የአውሮፓ ሚኒስትሮች በ2003 በበርሊን ዶክትሬትን የከፍተኛ ትምህርት ሦስተኛ ዙር አድርገው ተቀበሉ፤ በ2005 ደግሞ በሳልዝቡርግ አሥር የዶክትሬት ትምህርት መርሖች ወጡ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ተማሪዎች ምርምራቸውን በሦስት ደቂቃ ለተራ አድማጭ የሚያስረዱበትን ውድድር ጀመረ። ክፍለ አገሩ ያኔ በድርቅ ተመትቶ ነበር፤ ነዋሪዎች ገላቸውን ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳይታጠቡ በሰዓት መለኪያ ይቆጣጠሩ ስለነበር ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ውድድሩ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ አንድ ነገር ሳይታይ ቆይቶ ነበር፤ የተማሪው ጤና። በ2017 የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤልጅየም ፍላንደርስ በሚገኙ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከሁለት ተማሪዎች አንዱ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች ይታዩበታል፤ ከሦስት አንዱ ደግሞ ለአእምሮ ሕመም፣ በተለይ ለድባቴ የተጋለጠ ነው። ጥናቱ የአማካሪው አመራር፣ የሥራው ጫናና የሥራና የቤተሰብ ግጭት ከዚህ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ፣ በቂ ደመወዝና ዘመናዊ ላብራቶሪ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ያለ እነዚህ የሚደክመው ተማሪ ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

ስድስት ኪሎ፦ በክፉ ዘመን የተከፈተ ትምህርት ቤት

አገራችን ለከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ በጎጆ እያደረ፣ ከቅኔው መምህር ወደ መጻሕፍቱ መምህር እየተሻገረ ብዙ ዓመት ይማር ነበር። እዚያም ቢሆን ትምህርቱ ሁሉ በመምህሩ ላይ አልወደቀም፤ የበሰሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስተምራሉ፣ ያስጠናሉ። የዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ከዚህ ባህል ጋር ሳይገናኝ በሌላ መንገድ መጣ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት አመራር ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመረቀ። ምርምርም ወዲያው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የተቋሙ መጽሔትም በዚያው ዓመት መውጣት ጀመረ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ይህን ግኝታቸውን ተከትሎ በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ። ምርምር ነበረ፣ ተመራማሪም ነበረ፤ ተመራማሪ የሚያፈራ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። ማስተርስና ዶክትሬት ለማግኘት አገር ለቆ መሄድ ግድ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው ችግር ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ፤ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። የውጭ አገር መምህራን ብዙዎቹ ሄዱ፤ ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩ ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። የቀይ ሽብር ቁስል ገና ትኩስ በነበረበትና የሱማሌ ጦርነት በተካሄደበት በ1978 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን መምህራን ራሱ ካላፈራ በሩን ሊዘጋ ይችል ነበርና። የማስተርስ ፕሮግራሞች በ1979 ተጀመሩ፤ በአለማያ የግብርና ኮሌጅም የድኅረ ምረቃ ትምህርት በዚያው ሰሞን ተከፈተ። በ1987 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ሥራ ጀመሩ።

የዚያ ዘመን ሰዎች ጊልማን ያሰባቸውን ነገሮች በትንሽ አቅም ለማሟላት ጥረዋል። ትምህርት ቤቱ በተመሠረተበት ዓመት ሳይኔት የተባለው የሳይንስ ፋኩልቲ ጆርናል መታተም ጀመረ፤ በ1984 የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል ተከተለ፤ የዶክትሬቱ ፕሮግራም በተከፈተበት በ1987 ደግሞ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ጆርናል ወጣ። ለተማሪው የመጀመሪያ ጽሑፉን በአገሩ የሚያሳትምበት፣ በአገሩ ሰዎች የሚገመገምበት መድረክ ተገኘለት።

የጎደለውን ለመሙላት ወዳጅ ተፈለገ። ስዊድን በዚህ ረገድ ትልቅ ቦታ አላት። ሳንድዊች የሚባለው አሠራር የተለመደው ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ተማሪው ስዊድን ሄዶ ኮርስ ይወስዳል፣ ላብራቶሪና መጽሐፍ ቤት ይጠቀማል፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ መረጃ ይሰበስባል፤ እንደገና ሄዶ ይጽፋል። አንድ አማካሪ እዚያ፣ አንድ አማካሪ እዚህ አለው።

የዚህ አሠራር ምርጥ ምሳሌ ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራ በአሥር ቀበሌዎች የሚኖረውን ሕዝብ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመሩ። ሥራውን በግንባር ቀደምትነት የመሩት ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ነበሩ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው በየጊዜው ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ለተከታታይ ትውልድ ተማሪዎች የምርምር መሠረት ሆነ። አንዱ የሕፃናትን ሞት አጠና፣ ሌላው የእናቶችን ጤና፣ ሌላው የአእምሮ ሕመምን። አዲስ የሚገባው ተማሪ ከባዶ አይጀምርም፤ የሠለጠኑ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ የተመዘገበ ሕዝብ፣ ቀድመውት ያለፉ ሰዎች ይጠብቁታል። በድሃ አገር የተመራማሪ ድጋፍ ምን ሊመስል እንደሚችል ቡታጅራ አሳይቷል።

ሳንድዊቹ ጉድለትም ነበረበት። ዲግሪውን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የውጭው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የአገሩ ዩኒቨርሲቲ በራሱ የማስተማርና የመፈተን አቅሙ በዚያው መጠን አላደገም። ይህ ታይቶ የስዊድን ድጋፍ ቆይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡትን የዶክትሬት ፕሮግራሞች ወደ ማጠናከር ዞረ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም በ2003 በሥነ አእምሮ ሕክምና በጀመረው ትብብር ይህን መንገድ ነው የመረጠው፤ ሐኪሞቹ ወደ ካናዳ ከሚሄዱ መምህራኑ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ስፔሻሊስቶቹም አገራቸው ላይ ሠለጠኑ።

በጎረቤት የተዘረጋ እጅ

ሌላው የድጋፍ ምንጭ አፍሪካ ራሷ ናት። በ1973 ዳካር ላይ የተመሠረተው ኮዴስሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፉ ተማሪዎች አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። በ1980 የተመሠረተውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ኦስሪያ፣ ለወጣት ተመራማሪዎች የመስክ ሥራ ወጪ ከመሸፈን ጋር የምርምር ዘዴ ሥልጠና ሰጥቷል። በ1984 የተቋቋመው የተፈጥሮ ውጤቶች ኬሚስትሪ መረብ፣ ናፕሬካ፣ መሣሪያ ያለውን ላብራቶሪ መሣሪያ ከሌለው አገር ተማሪ ጋር አገናኝቷል፤ ለረጅም ጊዜ ከመሩት ሰዎች መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ይገኙበታል።

በ1988 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ሐሳቡን ይበልጥ አሰፋው። በ1993 የጋራ ማስተርስ፣ በ2002 የጋራ ዶክትሬት ፕሮግራም ጀመረ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን በእያንዳንዱ የኢኮኖሚክስ ዘርፍ ልዩ ባለሙያ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባን ጨምሮ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ናይሮቢ ይሰበሰቡና የምርጫ ኮርሶቻቸውን ከተመረጡ መምህራን በጋራ ይወስዳሉ። ጥምረቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያካሂደው ጉባኤ ተመራማሪው መጀመሪያ ፕሮፖዛሉን፣ ቀጥሎ በሂደት ያለውን ሥራ፣ በመጨረሻ ውጤቱን ይዞ ይቀርባል። ጠንከር ያለ ትችት ይቀርብበታል፤ ትችቱ ግን ሥራው ሳይበላሽ በጊዜ የሚደርስ ትችት ነው።

በጤናው ዘርፍ በ2008 የተመሠረተው ካርታ የተባለ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ተማሪዎቹን በትምህርታቸው ዘመን ለአራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ለበርካታ ሳምንታት ይሰበስባል። በመጀመሪያው ስብሰባ ጥያቄያቸውን ያጠራሉ፣ በኋለኞቹ መረጃ ይተነትናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዶክትሬት በኋላ ያለውን ያቅዳሉ። ከሁሉ የሚደነቀው አማካሪዎችን፣ የአስተዳደር ሠራተኞችንና የመጽሐፍ ቤት ባለሙያዎችንም ማሠልጠኑ ነው። ተማሪ የሚያድገው በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ሲያውቅ ነው ከሚል እምነት የመጣ አሠራር ነው። በ2016 በዓለም ባንክ ድጋፍ በስምንት አገሮች የተመሠረቱት 24 የልህቀት ማዕከላትም የዚሁ መንገድ ቀጣይ ናቸው። አራቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመድኃኒት ምርምር፣ በባቡርና በውሃ አስተዳደር፣ አንዱ በሐረማያ (በቀድሞው አለማያ) በግብርናና በአየር ንብረት ላይ ይሠራሉ።

ከመስፋፋት በኋላ

ደርግ ሲወድቅ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን፣ ብዙዎቹ አንጋፋ ምሁራን፣ በአንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ። የአንድ አንጋፋ አማካሪ መሰናበት የእሱ ተማሪዎችም መንገድ መቋረጥ ስለሆነ ያ ጉዳት ከሰዎቹ አልፎ ለዓመታት ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል። ለእነዚህ ሁሉ መምህር ያስፈልጋል፤ መምህሩን የሚያፈራው ደግሞ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። ስለዚህ የዶክትሬት ፕሮግራሞች በፍጥነት በዙ።

ፍላጎቱ ትክክለኛ ነበር። አካሄዱ ግን ብሪታንያ በ1980ዎቹ የደረሰባትን ችግር እንድንደግም አድርጎናል፤ ተማሪው በዝቶ ድጋፉ ባለበት ቀረ። ጥቂት ፕሮፌሰሮች ብዙ ተማሪ ያማክራሉ። ብዙዎቹ ተማሪዎች የክልል ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ቤተሰባቸውን ትተው አዲስ አበባ ይመጣሉ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ውድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ፣ ለመስክ ሥራና ለላብራቶሪ ኬሚካል በጀት ይጠብቃሉ። የሰሜኑ ጦርነትና በየቦታው የቀጠለው ግጭት ለብዙዎች የጥናት ቦታቸውን ዘግቶባቸዋል። ሴት ተማሪ ደግሞ የልጅና የቤት ኃላፊነት ሳይቀነስላት ከወንዱ እኩል እንድትጨርስ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ተሻግረው የሚመረቁ ኢትዮጵያውያን ጽናታቸው የሚያኮራ ነው፤ ጽናታቸው ግን ለተቋሙ ጉድለት መሸፈኛ መሆን የለበትም።

አሁን አጋጣሚው አለ። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። በጀቱን፣ ቅበላውንና አሠራሩን ራሱ የሚወስን ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱንም እንደገና ማደራጀት ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሩቅ አይደለም፤ ብዙውም ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት እሱና አማካሪው በየስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ረቂቅ በስንት ቀን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስማሙ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ አማካሪ ይመደብለት። በየትምህርት ክፍሉ የማይቀር ሳምንታዊ ሴሚናር ይኑር፤ የቆዩት ተማሪዎች ለአዲሶቹ የሚያስተምሩበት ይሁን። የሳይንስ ጽሑፍ አጻጻፍና ስታቲስቲክስ የሚያግዝ ባለሙያ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃቸው። በአማካሪው የተበደለ ተማሪ ሳይፈራ አቤት የሚልበት፣ የተጨነቀም የሚያወያየው ሰው የሚያገኝበት ቢሮ ይከፈት። አዲስ አማካሪ ለመሆን የሚመደብ መምህርም አስቀድሞ የማማከር ሥልጠና ይውሰድ፤ ዶክትሬት መያዝ ብቻውን ማማከር አያስተምርምና።

ለዩኒቨርሲቲ አመራሮች የምንለው ይህ ነው፦ በዚህ ዓመት ስንት የዶክትሬት ተማሪ ተቀበላችሁ ብለን ብቻ አንጠይቃችሁ። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት ከተቀበላችኋቸው ስንቱ በጥራት ጨረሱ፣ ስንቱስ ለምን አቋረጡ የሚለውን በየዓመቱ ለሕዝብ አሳውቁ። ለመምህራን ደግሞ፦ የምታማክሩት ተማሪ ከእናንተ በኋላ ወንበራችሁን የሚረከብ ሰው ነው፤ በዚህ ሳምንት ረቂቁን አንብባችሁ መልሱለት።